ማውሱን ማን ይያዝ

ልጅቷን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ጭምቷ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን ታነሳና ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ሐሳቧን ቀይራ ፀጉሯን ታካለች። አስተማሪው «ልትመልሺ ነው?» ሲላት «አይ፣ በልቶኝ ነው» ትላለች። ከኮምፒውተር ጋር ብቻዋን ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ታወራዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ሲሳካላትም እንደ ጎበዝ ልጅ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች።

አክስቷ ደግሞ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ የምታትምበት ጠባብ ቤት አላት። ከአውቶቡስ ማቆሚያ ፊት ለፊት ስለሆነ አውቶቡስ የዘገየበት ሁሉ እየገባ ያወራል። ማተሚያው፣ መቁረጫው፣ ኮምፒውተሩ፣ የወረቀቱ ጥቅል፣ ሁሉም እዚያችው ተጨናንቀው ነው የሚኖሩት። አክስት ወረቀትን በጣቷ ዳሳ ብቻ ውፍረቱን ትናገራለች። ኮምፒውተሩ ላይ ግን እልኸኛ ናት። አንድ ነገር እምቢ ካላት ደጋግማ ትጫነዋለች፣ የተጫነችው ሁሉ ባንድ ላይ ተከፍቶ ስክሪኑን ሲያለብሰው ስልኳን ታነሳለች።

«ጭምቷ! ነይልኝ፣ ይሄ ነገርዬ አብዷል!»

ጭምቷ ያለችው ሌላ ከተማ፣ ዶርም ውስጥ ነው። ግን መላ አላት። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ሰው ከሩቅ ሆኖ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ልክ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ያዝበታል። እነሱ የሚጠቀሙበት ደግሞ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። በዚህ ገብታ አክስቷን ከስንት ጣጣ አውጥታታለች።

ችግሩ ማውሱ ነው። ጭምቷ ከዚያ ወደ ግራ ስትወስደው አክስት ከዚህ ወደ ቀኝ ትጎትተዋለች።

«አክስቴ፣ ልቀቂው እንጂ!»

«ማን ይዞት? አንቺ ነሽ የምትጎትቺው!»

«ይኸው ሄደብኝ! እጅሽን ከላዩ አንሺ!»

«የኔ ቤት፣ የኔ ማውስ! ደግሞ ከሩቅ ሆነሽ እጅሽን አንሺ ትይኛለሽ?»

አንድ ቀን እንዲህ ሲጓተቱ የአንድ ሙሽራ ፎቶ እንደ ላስቲክ ተለጠጠና ፊቱ ካርዱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላው። አክስት ጮኸች። «ኧረ ጉድ! ሰውየው ገና ሳያገባ ወፈረ!» ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁና ሥራቸውን ረሱት።

በዚያው ሰሞን ዩኒቨርስቲው ውስጥ አንድ ወሬ ተሰማ። ለክረምት ዕረፍት ተማሪዎች ለኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮች የሚሠሩትን ሥራ ራሳቸው አስበው ፕሮፖዛል ያቀርባሉ፤ የተመረጠ ክረምቱን ሙሉ ከሶፍትዌሩ ሰዎች ጋር ይሠራል። እሷ የምትጠቀምበት ሪሞት ዴስክቶፕም አንድ ተማሪ ይፈልጋል። ጭምቷ ይሄን ስትሰማ ልቧ ደለቀ። በሕይወቷ እንደዚህ የፈለገችው ነገር የለም። ፈለገችና ደግሞ ፈራች።

ጽፋ ጽፋ ለዶርም ጓደኛዋ አሳየቻት። ይቺን ጓደኛዋን «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ ተኝታም ታወራለች።

ሬዲዮ ማንበብ ጀመረች። «"የምስል ማስተላለፊያውን ሥርዓት ከመሠረቱ በአዲስ መልክ መገንባት..." ወይ ጉዴ! ይሄን ማን ነው የጻፈው? ፓርላማ ነው?»

«ትንሽ ነገር ካቀረብኩ ይንቁኛል ብዬ...»

«እህቴ፣ ይሄን አንቺ ብቻሽን በአንድ ክረምት? ልጅሽም አይጨርሰው! በይ ንገሪኝ፣ ይሄ ሶፍትዌር ላይ አንቺን የሚያበሳጭሽ ምንድነው?»

«አክስቴ» አለች ጭምቷ ሳታስበው።

ሬዲዮ አልጋው ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ሲበርድላት ግን «እሱን ጻፊዋ!» አለቻት።

ጻፈችው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማውሱን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ማን እንደያዘው ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታይ። የያዘው ሰው ሲጨርስ «ተራ ስጥ» የምትለዋን ተጭኖ ለሌላው ያስተላልፍ። መጓተት የለ፣ መጯጯህ የለ። ማሳያ የሚሆን ትንሽ ሠርታም አብራ ላከች። የላከች ዕለት ደግሞ ስልኳን ከትራሷ ሥር ደበቀችው፣ መልስ እንዳታይ።

መልስ መጣ። የጻፈላት የሶፍትዌሩ አስተባባሪ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ ሰው የሚያከብረው ሰውዬ። «ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ግን ቦታው አንድ ነው፣ ጥሩ ጥሩ የጻፉ ሌሎችም አሉ። እውነተኛ ተጠቃሚ ይዘሽ ሲሠራ አሳዪኝ፣ ከዚያ እወስናለሁ።»

እውነተኛ ተጠቃሚ! ከአክስት ሌላ ማን አላት?

«አክስቴ፣ ነገሩ ለኔ ትልቅ ነው። እባክሽ፣ እንደ ድሮው እንዳንጓተት።»

«ምን ነካሽ፣ በሰው ፊት አሳፍርሻለሁ? እንግዳ አስተናግጄ አላውቅም?»

ቀጠሮው ከቀትር በኋላ ሆነ። ጭምቷ ከዶርሟ፣ አስተባባሪው ከቤቱ፣ አክስት ከሱቋ፣ ሦስቱም ባንድ ስክሪን ተገናኙ። ሥራው የአንድ ፀጉር አስተካካይ ማስታወቂያ ነው። አዲስ ቤት ሊከፍት ነው፣ የመክፈቻው ቀን ግን ተሳስቶ ተጽፏል። አክስት ቀኑን ታስተካክልና ተራውን ለአስተባባሪው ትሰጣለች፣ እሱ ርዕሱን ያጎላና ለጭምቷ ይሰጣል። በቃ። ፀጉር አስተካካዩም እዚያው ከአክስት ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል።

አክስት የክት ልብሷን ለብሳለች። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ቤተሰብ ደህና? ጤናዎት እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እሜቴ። እርስዎስ? ሥራ እንዴት ነው?»

ሰላምታው አለቀ። ተራው የአክስት ነው። ጭምቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ታያለች። አክስት ማውሱን ያዘች፣ ቀኑ ጋ ደረሰች፣ ከዚያ ቆመች።

«አይ፣ እኔማ እንግዳ ተቀምጦ አልቀድምም» አለችና «ተራ ስጥ»ን ተጫነች።

«ኧረ በቤትዎ እኔ ልቅደም? ነውር አይደለም እንዴ!» አለ አስተባባሪው። ተራውን መለሰላት።

«በጭራሽ! እርስዎ እያሉ?» መለሰችለት።

«በልጅቷ ይሁንብኝ፣ እርስዎ ይቅደሙ።» መለሰላት።

ተራው እንደ ኳስ ይመላለስ ጀመር። ቀኑ እንደተሳሳተ ነው። ሬዲዮ ከካሜራው ውጭ ትራስ ነክሳ ትንፈራገጣለች። በመጨረሻ አስተባባሪው «እንግዲያው ልጅቷ ትጀምር» አለና ለጭምቷ ሰጣት።

ጭምቷ ተራው እጇ ገባ። አንዴ ቀኑን ብትነካው ነገሩ አበቃ። ግን ምን ታድርግ፣ አስተዳደጓ ነው! ሁለት ታላላቆች እያሉ እሷ ልትቀድም? ጣቷ ራሱ ሄዶ «ተራ ስጥ»ን ተጫነ። ለአክስት።

ፀጉር አስተካካዩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በፈጠራችሁ! እናንተ ስትግደረደሩ የምከፍትበት ቀን ሊያልፍ ነው!» አለና በአክስት ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ማውሱን ነጠቃት። ቀኑን ራሱ አስተካከለው።

ጭምቷ ፊቷ እሳት መሰለ። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ። ስክሪኑን ዘግታ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት አማራት። እጇም ወደዚያው ሊሄድ ነበረ። ግን ቅድም የሆነውን ነገር ስታስበው አንድ ነገር ታያት፣ ሲታያት ደግሞ አፏ ቀድሟት ተከፈተ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሰው ሲጓተት ብቻ ነው ያሰብኩት። ሲከባበር ምን እንደሚሆን አላሰብኩም።»

አስተባባሪው ቀና አለ። «እና ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ተራ የተሰጠው ሰው መልሶ እንዳይሰጥ አልከለክልም፣ ሰው ይግደርደር። ግን የተሰጠው ሰው ካልተጠቀመበት ተራው የማንም ሳይሆን ሜዳ ላይ ይቀመጥ። መጀመሪያ ማውሱን ያንቀሳቀሰ ይውሰደው፣ ማንም ቀደምክ አይለውም። የኮምፒውተሩ ባለቤት ደግሞ በፈለገ ጊዜ ወደ ራሱ ይመልሰው። አሁን ፀጉር አስተካካዩ እንዳደረጉት ማለት ነው። እሳቸው ማንንም አላስከፉም፣ ሥራውም አለቀ።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ፀጉሯን አላከከችም።

አስተባባሪው መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እስኪያነባ ሳቀ። «ስንት ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው በማውስ ሲጣላ ነው የማውቀው። እኔም ራሴ ተግደርድሬ ሥራ አቆማለሁ ብዬ አላሰብኩም! በይ ይሄን ፕሮፖዛሉ ላይ ጨምሪበት።»

«እኔስ? አሳፈርኳት እንዴ?» አለች አክስት በሹክሹክታ፣ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ረስታ።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ጭምቷ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ንጹሑንም ጨምራ አጠበችው። ሬዲዮ ናት ገጹን እየከፈተች እየዘጋች የምትጠብቀው። ድንገት በኮሪደሩ ላይ ጩኸት ተነሳ። ሬዲዮ በአንድ እግር ጫማ እየሮጠች መጣችና እሷን ከነአረፋዋ አቀፈቻት። መናገር የማታቆመው ልጅ ቃል ጠፍቷት ስልኩን ብቻ ታሳያለች። ስሟ አለ። ተመርጣለች!

ጭምቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና አክስቷ ጋ ደወለች። አክስት ስልኩን ሳትዘጋ ለአውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ አወጀች። እልልታው ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበረ።

«ስሚኝ» አለች አክስት ሲረጋጋ። «ክረምቱን እኔ ጋ ነሽ። ከሱቁ ጀርባ ጓዳው ውስጥ ጠረጴዛ አለ፣ ኔትወርኩም ጥሩ ነው። የምትሠሪውን ሁሉ እኔ ላይ ትሞክሪዋለሽ።»

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ከሩቅ የሚሠራ ነገር ነው። አጠገብሽ ከሆንኩ ምኑን ሩቅ ሆነ?»

«አንቺ ጓዳ፣ እኔ ፊት ለፊት። በመሃል ግድግዳ አለ አይደል?»

ጭምቷ ክረምቱን ሄደች። ጓዳው ውስጥ በወረቀት ጥቅሎች መሃል ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያውን ለውጥ ጨርሳ ወደ አክስቷ ኮምፒውተር ስትልከው አክስት በስክሪኑም፣ በስልኩም አልመለሰችም። ግድግዳውን በጡጫዋ ደበደበችው።

«ጭምቷ! ተራው ሜዳ ላይ ነው ይላል! ልውሰደው?»

«ውሰጂው አክስቴ!»

«አንቺ አትፈልጊውም?»

«አክስቴ!»

«እሺ እሺ፣ ወሰድኩት!»