አፉን ወደ ላይ ያደረገ ክዳን

መዶሻና ማጭዱን ከነኮከቡ የሣልኩት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ከትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አይቼ፣ በካሬ ደብተሬ ላይ እያንዳንዷን ካሬ በእርሳስ አጥቁሬ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ካሬ ግን ከእኔ ይልቅ አጥርታ ትቆጥራለች። አንድ ካሬ አንድ የወስፌ ስፌት ነው ብለን ተስማማን።

እናቴ የጎጃም ልጅ ናት። ኮልፌ የመጣችው አባቴን አግብታ ነው። አባቴ ሲሞት የቀራት ወንድሜ፣ እኔና ወስፌዋ ነበርን። የሷን መሶብ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ድረስ ሙሽራ የዳረ ሁሉ ያውቀዋል። አገሯን የምታወራልን በአፏ ሳይሆን በስፌቷ ነበር፤ ይህ ጥለት የእናቴ ነው፣ ይህ የአክስቴ ነው፣ ይሄኛውን ከወንዝ ማዶ ያሉት ናቸው የሚያውቁት ትለናለች።

ያን ዓመት ወንድሜ ሃያ ሞልቶት ነበር። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና የቀበሌው ዝርዝር ላይ ወጣ። ሰሜን የሄደ ልጅ ደብዳቤው ሁለቴ ከመጣ ጥሩ ነው ይባል ነበር። እናቴ ያን ሰሞን ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምር ነበር፤ ስፌቷን ግን አንዴም አትስትም። እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ። ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቷል።

«እናት፣ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን አለን። ትልቅ መሶብ ይሥሩልን። ክዳኑ ላይ መዶሻና ማጭድ ይኑርበት።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞር አለና፣ «የልጅዎንም ጉዳይ እናየዋለን» አለ።

እናየዋለን! ከዚህ በላይ ምንም አላለም። እኛ ግን በዚያች አንዲት ቃል ሁለት ወር ኖርን።

ሣሩን በማቅለምና በመሰንጠቅ የምታግዛት ጎረቤታችን ነበረች። ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከአንድ ወንድ ልጇ በቀር ማንም የሌላት ሴት ናት። ልጇ የወንድሜ እኩያና የኳስ አብሮ አደጉ ነው። የሱ ስም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። እሷም ይህን እያወቀች አንድም ቀን ደስታዋን አላሳየችንም፤ ጣቷ ቀይና አረንጓዴ እስኪሆን ቀለም እየነከረች፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ይህን መሶብ አይቶ ልጅሽን የሚወስድ ሰው የለም» ትላት ነበር።

ስፌቱ ያለቀው ከኤግዚቢሽኑ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ገበያ ሄዳለች። እናቴ የመጨረሻዋን ዙር ጨርሳ ክዳኑን ከጭኗ አነሳችና መሶቡ ላይ ገጠመችው። ራቅ ብላ አየችው። እኔም አየሁ።

መዶሻውና ማጭዱ በአናታቸው ተተክለው ነበር። እጀታቸው ወደ ሰማይ፣ ኮከቡ እታች።

ወይ ጉድ! ነገሩ እኮ ቀላል ነበር። ክዳን ከጫፉ ይጀመራል፤ ሰፊዋ ጫፉን ወደ ታች አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛው ነው እያዞረች ወደ አፉ የምትሰፋው። ጭኗ ላይ ቀጥ ያለው፣ ሲከደን ይገለበጣል። እናቴ ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ ይህን አስባው አታውቅም፤ ምክንያቱም ያገሯ ጥለት ሁሉ ከላይም ከታችም ቢያዩት ያው ነው። ተገልብጦ ሰው የሚያሳስር ጥለት ጎጃም ውስጥ አልነበረም።

አየር ጤና አካባቢ አንድ ባለሱቅ የሊቀመንበሩን፣ የትልቁን ማለቴ ነው፣ ፎቶ ዘቅዝቆ ሰቀለ ተብሎ ተወስዶ፣ ሲመለስ ሰው ቀና ብሎ አያይም ነበር። እኛ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ዘቅዝቀን ሰፍተናል። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሥዕልሽ ልክ ነው። ጥፋቱ የጭኔ ነው» አለች።

ለመፍታት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። እናቴ ክዳኑን አገላብጣ አገላብጣ አየችው። አፉን ወደ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው መዶሻውም ማጭዱም ልክ ሆኑ። እንደዚያው ትኩር ብላ ስታየው ቆየችና፣ «ይህን ለነፍስ አባትሽ እንኳ እንዳትናገሪ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት መሶቡን ቀበሌ አዳራሽ ወስደን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ክዳኑን አጠገቡ አፉን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንዳይንከባለል ከሥሩ የጨርቅ ጥቅል መቀመጫ አበጀችለት፤ ውስጡንም ቆሎ ሞላችው። ጎረቤታችን ከኋላችን ቆማለች፤ ለማየት ነጠላዋን አጥባ መጥታ ነበር። ሊቀመንበሩ ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ የመጡ እንግዶችን አስከትሎ ደረሰ።

«ግሩም ነው!» አለ። ከዚያ ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ግን ክዳኑ ለምን ተገለበጠ? መከደን የለበትም?»

እናቴ በሕይወቷ ስለ ስፌት ዋሽታ አታውቅም።

«ባገራችን ወግ ነው ጌታዬ... ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ሰው ሲዘምት የመሶቡ ክዳን አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይጠብቀዋል። የሄደው ልጅ በደህና እስኪመለስ አይከደንም። ለዘማቾቻችን ብዬ ነው።»

ሰውየው ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈው! እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዱማ ከቆሎው ዘግኖ፣ የሕዝብ ባህል ማለት ይህ ነው አለ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

በሳምንቱ የወንድሜ ስም ከዝርዝሩ ተሰረዘ። እናቴ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄዳ ደጁን ስማ መጣች። ለሁለት ቀን ቤታችን ሰው የሚኖርበት ቤት መሰለ።

ቁጥሩ ግን መሙላት ነበረበት። ይህን ማናችንም አላሰብንም፤ ወይም አስበን ዝም አልን፣ አሁን ቁርጡን ልናገር አልችልም። በሦስተኛው ቀን በተሰረዘው ስም ቦታ የጎረቤታችን ልጅ ስም ገባ። ሲወስዱት በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ወንድሜን «ኳሷን አደራ» ብሎት ነው የሄደው። ወንድሜ ያን ቀን ጓሮ ገብቶ አልወጣም አለ።

እናቴ ለማጽናናት ስትገባ ተከተልኳት። ጎረቤታችን አላለቀሰችም። ተነሥታ ከመደርደሪያዋ ላይ መሶቧን አወረደች፤ እናቴ ራሷ የሰፋችላት ነው። ክዳኑን አነሳችና አፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እንዲህ ነው አይደል እህቴ?» አለቻት።

እናቴ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነው ብዬ ነበር። ብትናገር ደግሞ ምን ልትላት? ወግ የለም፣ ውሸቴን ነው፣ ልጄን ላድንበት የፈጠርኩት ነው፣ ባንቺ ልጅ ነው የዳነው?

«ከሥሩ ጨርቅ አድርጊለት፣ እንዳይወድቅ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ልጁ የዘመተበት ቤት ሁሉ ክዳን ይገለበጥ ጀመር። ከዓለም ባንክ ሰፈር በኩል የመጣች አንዲት ሴት፣ ይህ ወግ ከአያቶቼ ጀምሮ ያለ ነው ብላ ለእናቴ ራሷ ስታስረዳት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ፣ «አዎ፣ ነው» አለቻት። ወስፌዋን ግን ከዚያ መሶብ በኋላ ለክዳን አላነሳችውም።

መንግሥት ተለወጠ። የተበተነው ጦር በእግሩ፣ በመኪና፣ በክራንች እየሆነ ከተማ ገባ። ጎረቤታችን ፌርማታው ላይ እየቆመች የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን ታያለች። አንድ ከሰዓት ከዚያ ስትመለስ ቤታችን ጎራ አለች፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል።

«እህቴ፣ አንቺ የአገሩ ሰው ነሽ፣ ንገሪኝ» አለች። «ካልመጣ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው የሚከደነው?»

እናቴ የነጠላዋን አቧራ በእጇ አራገፈችላት።

«አይከደንም» አለቻት። እሷን ሸኝታ ስትመለስ ወንድሜ ምሳውን እየበላ ነበር፤ ከፊቱ ካለው መሶብ ላይ ተነሥቶ የተቀመጠውን ክዳን አንሥታ አፉን ወደ ላይ አዞረችው።