የጎረቤቴ ጠመንጃ ብሎን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ፣ ሎረል ከተማ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው አውጥተው ከሚሸጡበት ያርድ ሴል የገዛኋት አሮጌ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ነበረችኝ። ብረት ስትልጥ ቤቱን ስለምታንቀጠቅጠው ባለቤቴ እንደ ጣውንት ነበር የምታያት።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ የአደን ጠመንጃቸውን ሰደፍ የሚያስረው ብሎን ጠፍቶባቸው መጡ። ጠመንጃው አርጅቷልና መለዋወጫ አይገኝለትም አሉ። እኔ ለጠመንጃ ፍቅር የለኝም፤ ግን አይገኝም ሲባል እልህ ይይዘኛል። ቶርኖዋ ላይ ብሎን ቀረጽኩላቸው፤ የመጀመሪያውን አበላሽቼ ሁለተኛው ልክክ አለ።

ሽማግሌው ውለታ አይረሱም። አጋዘን ገድለው አንድ ሙሉ ታፋ ተሸክመው መጡልን፤ ያውም የገና ጾም በገባ ማግስት። ባለቤቴ ታፋውን ፍሪዘር ውስጥ ከተተችና፣ እስከ ገና ሥጋም ወተትም እንደማንቀምስ አስረዳቻቸው። ሰውዬው ከልባቸው አዘኑልን።

“ዓሣስ?” አሉ።

እኔ “ይፈቀዳል” ስል እሷ “አይፈቀድም” አለች። እዚያው በር ላይ፣ እሳቸው ፊት፣ በአማርኛ ተጨቃጨቅን።

በዓመቱ ጾሙ ሊገባ ሲል ሽማግሌው እንደገና በር አንኳኩ። እጀታው የተሰበረ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘዋል። “ይህ ከተጠገነልኝ ለጾማችሁ ዓሣ አመጣላችኋለሁ” አሉ። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተቀበለቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

“ምን ቆመህ ታያለህ? ቶርኖዋን አስነሳ እንጂ” አለችኝ።