የኤቫሪስቶ መስታወት ላይ የሚያርፈው ላብ

ኤርሊንዳ አንድ ነገር ማወቅ ፈለገች፤ አባቷ ኤቫሪስቶ ከመሞቱ በፊት የሠራው የመጨረሻ መስታወት ባልጩት ነው ወይስ የቀለጠ ጠርሙስ?

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ጥቁሩን የባልጩት ድንጋይ እየሞረደ መስታወት ሲሠራ ኖሮ ዱቄቱ ሳንባውን ሞልቶት ሞተ። ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ፣ በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥቁር መስታወት በየማለዳው መዳፍ የምታህል ላብ ይይዘው ጀመር። ልክ በኤቫሪስቶ አፍ ቁመት። እናቷ ኒኮላሳ አልጋዋን ወደዚያ ክፍል አስገባች፤ አቧራው ሳል ለቀቀባት። ሐኪሙ «ከዚህ ካልወጡ ዓመቱን አይጨርሱም» አላት።

«ባልጩት ከሆነ አባትሽ ነው የሚተነፍሰው፤ ጥዬው አልሄድም» አለች ኒኮላሳ። «ጠርሙስ ከሆነ ግን፣ ሙታን ጠርሙስ ውስጥ አያድሩም። ያኔ የፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

በጥንታዊ ፒራሚዶች ግርጌ ባለችው መንደራቸው ይህን የማያምን የለም። ጠርሙስ አቅልጦ በባልጩት ስም ለፈረንጅ የሚሸጠው ጎረቤቷ ትሪኒዳድ እንኳ ያምናል።

«አበልጄ፣ ምን ያደክምሻል?» አላት በሩን ተደግፎ። «ጠርሙስ ነው በያትና ተገላገይ።»

«አንተማ ድንጋይና ጠርሙስ የምትለየው የገዢውን ፊት አይተህ ነው።»

«ታዲያስ! እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም።»

ኤርሊንዳ መስታወቱን ፀሐይ ላይ አወጣችው። መጀመሪያ ስሱን ጠርዝ በብርሃን አየች። የባልጩት ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ጭስ ይመስላል፤ ይኼኛው ግን እንደ ቢራ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ በራ። እናቷን ልትጣራ አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን አባቷ ድንጋዩን ከየት ያመጣ እንደነበር ትዝ አላት። ከፓቹካ ከተማ ወዲያ ካለው ተራራ የሚወጣው ባልጩት ራሱ አረንጓዴ ነው! ስንቱ ገዢ እውነተኛውን ጠርሙስ ነው ብሎ የጣለው በዚህ ነው።

አጉሊ መነጽር አምጥታ በውስጡ አረፋ ፈለገች። የነገሩ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ጠርሙስ ቀልጦ ባለበት ስለሚረጋ በውስጡ የቀረው አየር እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ክብ ነው። ባልጩት ግን ከእሳተ ገሞራ እየፈሰሰ የጠጠረ ነውና አረፋው እንደ ሩዝ ተለጥጦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። የአባቷ መስታወት አረፋዎች ሁሉም በረድፍ ተኝተዋል። ስታዘነብለው ደግሞ ወርቃማ ነጸብራቅ በአንድ በኩል ብቻ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ይህም ከዚያ ተራራ ባልጩት በቀር በሌላ አይታይም።

መዋሸት ትችል ነበር። ኒኮላሳ ግን ፊቷን ከበሩ አይታ ጨርሳለች። «ነግሬሽ ነበር» ብላ ተመልሳ ተኛች።

ኤርሊንዳ ግን ድንጋይ መሆኑ መተንፈሱን አያስረዳም ብላ አሰበች። ከዚያው ተራራ ድንጋይ ራሷ የሠራችውን መስታወት አጠገቡ ሰቀለች፤ ላብ የያዘው የአባቷ ብቻ ነው። ቦታ አቀያየረቻቸው፤ ላቡ የአባቷን ተከትሎ ሄደ። ሳትፈትነው የቀረው ክፍሉ ውስጥ የምትተኛው የእናቷ ትንፋሽ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ማእድ ቤት እደሪ። ሰው ሳይተነፍስበት ከደረቀ ትወጫለሽ።»

«ካልደረቀስ?»

«ካልደረቀ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

አሁን ሊነጋ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል። ኤርሊንዳ ብቻዋን በመስታወቱ ፊት ተቀምጣ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ አፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ትቆጥራለች። ሠላሳ። አርባ። በአባቷ አፍ ቁመት ላይ ጥቁሩ መስታወት በላብ ደብዘዝ ማለት ጀምሯል። እሷ ገና አልተነፈሰችም።