ውሃ የማይፈታው ኮላ

ባለቤቴ በመቱ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እዚያው ከተማ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የምሠራ አናጢ። ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ አንድ ክረምት የግንድ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደውና ማዶ ያሉት እርጉዞች ያለ አዋላጅ ቀሩ። ድልድዩ ይሠራል ተባለ። ይሠራል እንደተባለ ሌላ ክረምት ገባ። ባለቤቴ በበጋ በእግሯ የምትሻገረውን ወንዝ ዳር ቆማ እያየች መመለሱ ሰለቻት።

"አንተ አልጋ ትሠራ የለ? ጀልባ ከአልጋ በምን ይለያል?" አለችኝ አንድ ቀን፣ የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች።

በምን እንደሚለይ ያኔ እኔም አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ጀልባ ከቀረሮ ሳንቃ ሠራሁት። ሳንቃዎቹን ያጣበቅኩት አልጋ በምሠራበት ኮላ ነው፤ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ፣ በጣሳ እያሞቅን የምንቀባው። ላዩን ደህና አድርጌ ቀለም ቀባሁት። ከወንዙ ዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥረን፣ እሱን እየሳብን መሻገር ጀመርን። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ወንዙ መሀል ስንደርስ፣ እግሬ ሥር ያለው መጋጠሚያ እንደ ተቀቀለ ጅማት ተልፈሰፈሰና ውሃው ገባ። ሁለታችንም ገመዱን ይዘን ወጣን። የማዋለጃ ዕቃዋ ከነቦርሳው ሄደ።

ዳር ላይ ተቀምጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ "እውነትክን ነው፣ አልጋ አይደለም" አለችኝ። እንዲያ ብዬ አላውቅም፤ ግን አልተከራከርኳትም።

ከዚያ በኋላ ኮላ ፍለጋ ሆነ ሥራዬ። ያገኘሁትን ሁሉ ሰበሰብኩ። ሁለት ሁለት የቀረሮ ቁራጭ እያጣበቅኩ፣ ሲደርቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አውጥቼ አድርቄ፣ መልሼ በድስት ቀቅዬ፣ መጨረሻ ላይ መጋጠሚያው ላይ መሮ አስገብቼ እገነጥላለሁ። የቆዳው ኮላ ገና ድስቱ ሳይፈላ ተላቀቀ። ከወተት የሚሠራው የዱቄት ኮላ ትንሽ ታገሠና እንደ አይብ ለሰለሰ። የብስክሌት ጎማ የሚለጠፍበት ማስቲሽ አልተላቀቀም፤ ግን ሸክም ሲሰማው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ሬንጅ የመሰለው ካትራሜማ ስንጥቅ ይደፍን እንደሆነ እንጂ እንጨት ከእንጨት አይዝም። ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ ድስቱን ከፍታ ታይና፣ "ዛሬም ራታችን እንጨት ነው?" ትላለች። ትስቃለች ብዬ ቀና ስል አትስቅም። ደክሟታል።

በመጨረሻ ጋምቤላ ወረድኩ። ባሮ ላይ ጀልባ የሚጠግኑ አሉ ሲባል ሰምቼ ነው። በጎሬ በኩል በጭነት መኪና ላይ፣ ከደጋው ብርድ ወደዚያ ሙቀት ስወርድ ራሴን ያመኝ ጀመር። ወደቡ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ የጀልባ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ታሪኬን ቁጭ ብለው ሰሙኝና ሁለት ነገር አወጡ። አንደኛው ፈሳሹና ዱቄቱ ለየብቻው የሚመጣ፣ ሲቀላቀል የወይን ጠጅ ቀለም የሚይዝ ኮላ ነው። ሁለተኛው እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽና ከመስታወት ክር የተሠራ ነጭ ጨርቅ፤ ፋይበርግላስ ይሉታል።

"ሐጂ፣ የትኛው ይሻለኛል?" አልኳቸው።

"ኮላው መጋጠሚያውን ይይዝልሃል። ጨርቁ ጀልባውን ቆዳ ያለብሰዋል። ግን ወንድሜ፣ እንጨትህ ደረቅ ነው?"

"እኛ አገር በክረምት ደረቅ የሚባል ነገር የለም።"

"እንግዲያው ጨርቁን ተወው" አሉኝ።

አልተውኩትም። ቆዳ የለበሰ ጀልባ የሚለው ነገር ልቤን ወስዶት ነበር። ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ።

የአዲሱን ጀልባ ሳንቃ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ አደረቅኩ፤ ማለቴ፣ ለእኔ የደረቀ መሰለኝ። ኮላው በሞርሳ ጠብቆ ሲይዝ አይቼ ደስ አለኝ። ጨርቁን ያለበስኩበት ፈሳሽ ግን በእኛ ብርድና ዝናብ አልጠነክር ብሎ ጣት ሲነኩት እየተለጠፈ ሰነበተ። ፍም በመጥበሻ እያደረግኩ ከሥሩ አሞቀዋለሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ምግቡም ልብሱም እሱን እሱን አለ። እጄ ተሰነጣጥቆ ያሳክከኝ ስለነበር ባለቤቴ ቅባት ትቀባኝና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ጀልባው ግን ሠራ። ወንዙ ላይ በወረደበት ሳምንት ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ልጁ በእግሩ መጣ ተብሎ ተጠራን። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ስንደርስ የሴትዮዋ አማት ዳር ላይ ቆመው፣ "ቢሻን ሂንሴንኔ?" አሉን፤ ውሃ አልገባም ወይ ማለታቸው ነው። አልገባም ነበር። ልጁም እናቱም ተረፉ። ባለቤቴ ስትመለስ ጀልባው ውስጥ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ገመዱን ብቻዬን ሳብኩት።

ከጊዜ በኋላ የጀልባው ሆድ አንድ ቦታ ላይ አብጦ አየሁት። ጨርቁን በቢላ ስቀደው ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። እንጨቱ ከሥሩ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። ውጪው ያብረቀርቃል፣ ውስጡ በስብሷል። ወይን ጠጅ የመሰለው ኮላ ብቻ መጋጠሚያውን እንደያዘ ነበር፤ ግራና ቀኙ አልቆ እሱ ቀርቷል። እርጥበቱን እኔው በገዛ እጄ ውስጡ አሽጌበት ኖሯል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። መናደድ እንኳ አቅም ይፈልጋል።

ሌላ ሠራሁ። ምን አደርጋለሁ? ይኼኛውን በዚያው ኮላ ብቻ አጣብቄ፣ ጨርቅ ሳላለብስ ቀለም ቀባሁት፤ ከተሻገርን በኋላ እየጎተትን ዳስ ሥር እናስገባዋለን፣ እንዲተነፍስ። ከባድ ነበር። በየጊዜው መጎተቱ ወገቤን ቆረጠው። ግን ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ አንድም ቀን አልከዳንም።

ድልድዩ ባለቀ ሰሞን ባለቤቴ ወደ ኡካ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ወሬውን ስትነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት መንገዱ ላይ ወንዝ መኖር አለመኖሩን ነው።

"አለ፤ ድልድይም አለው" አለችኝ።

ያን ቀን ምሳዬን በልቼ፣ መሣሪያዬን ሳልሰበስብ ጋደም አልኩ።