በጨዋታው ውስጥ አንተ፣ ከጨዋታው ውጭ አንቱ

እግሬ የተሰበረው ተማሪዎቼን ይዤ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ስወርድ ነው። እርጥብ ድንጋይ ረግጬ ተንሸራተትኩ። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከክፍል የቀረሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሐኪሙ እግሬን በጀሶ አስሮ ሦስት ወር ቤት እንድቀመጥ ሲያዘኝ፣ ከስብራቱ ይልቅ ቤት መዋሉ አመመኝ።

ባሕር ዳር የምትማረው ልጄ ለእረፍት መጥታ ሁለት ቀን ስነጫነጭ ካየችኝ በኋላ ስልኬን ተቀብላ አንድ ጨዋታ ጫነችልኝ። አራት ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ በድምፅ እየተነጋገሩ ሌላ ቡድን የሚገጥሙበት የተኩስ ጨዋታ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሰባሰቡበት መድረክ ውስጥ አስገባችኝና፣ «አባዬ፣ ስድባቸውን አይስሙ፤ ዝም ብለው ይጫወቱ» አለችኝ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እነዚህን ጨዋታዎች ከሁሉ አብዝቼ የማወግዘው እኔ ነበርኩ። ተማሪ ሲሳደብ በሰማሁ ቁጥር እዚያ የተማረው ነው እል ነበር። ራሴ ግን አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አይቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በጨዋታው ውስጥ ገና መራመድ ሳልለምድ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ «አንተ ደንባራ፣ ግድግዳ ምን ያስታክክሃል?» አለኝ። ከባለቤቴና ከእኩዮቼ በቀር አንተ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣችና ቤቷ ገብቶ የሚሳደበው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስልኩን ሳሳያት አሁኑኑ ዝጋው አለች። እኔ ግን አልዘጋሁትም፤ ሰውዬው እውነቱን ነበርና። በእርግጥም ግድግዳ እየታከክሁ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል እየተሰደብኩ ተማርኩ። ጎርናናው ድምፅ ያለው ሰው አንበሳሜ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከእሱ ጋር ሁልጊዜ የምትጫወተው ሴት ደግሞ ከደቡብ መጥታ እዚሁ ደብረ ታቦር መሥሪያ ቤት የተቀጠረች መሬት ቀያሽ ናት። አራተኛው በየጊዜው ይቀያየራል። ልብስ ሰፊው ስሳሳት ይሰድበኛል፤ ሲቀናኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚደሰተው እሱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ክፍት መሆኑን ሳታውቅ ባለቤቴ፣ ስድሳ ሊሞላህ ምንም አልቀረህ፣ ምሳህን እንኳ ሳትበላ እዚህ ተጎልተህ ትውላለህ ብላ ተቆጣችኝ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሟት። ከዚያ ሰፊው፣ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ተባልኩ፤ የቡድናችንም ጨዋታ ተበላሸ። ቀድሞ «ዝቅ በል!» ይሉኝና ዝቅ እል ነበር። አሁን «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ካላስቸገርንዎ ከኋላዎ…» ሲሉ ጠላት ደርሶ ይገድለኛል። አምስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፍን። ስድስተኛው ሊጀመር ሲል አስቆምኳቸውና፣ እንደ ክፍል ኃላፊ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በጨዋታው ውስጥ አንተ በሉኝ፤ ከጨዋታው ውጭ እንደፈለጋችሁ» አልኳቸው። ሰፊው ተግደረደረ። ቀያሿ ግን ወዲያው «እሺ፣ ተነስና ሩጥ!» አለችኝ። ሮጥኩ፤ አሸነፍንም። በተሰበረ እግሬ አልጋ ላይ ተቀምጬ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ክፉ ሰው አልገጠመኝም ብል ግን ዋሸሁ። አንድ ቀን አራተኛ ሆኖ የገባ እንግዳ፣ ቀያሿን በሴትነቷና በአነጋገሯ፣ በመጣችበትም አገር የሚያሸማቅቅ ነገር ተናገራት። እኔ የምለውን እየፈለግሁ ሳለ ሰፊው ቀደመኝ። «አጨዋወቷን ስደብ፤ እሷን አትንካ» አለውና ከቡድኑ አስወጣው። ሦስት ሆነን ቀርተን ያን ጨዋታ ተሸነፍን። ቀያሿ ግን እንደገና እንጀምር አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ ስድብ ሁሉ አንድ አይደለም። መርዙ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን መርዙን ተፍተው የሚያስወጡም እዚያው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ገብቼ ሳላይ ለዓመታት ሁሉንም በጅምላ ኮንኜ ኖሬያለሁ።

ጀሶው ሲፈታልኝ ሙቅ ውሃ ደግ ነው ተባልኩና ከባለቤቴ ጋር ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመሄድ ተነሳን። ይህን ለጨዋታ ጓደኞቼ ስነግራቸው እንምጣ አሉ። ቀያሿ ከእኛው ጋር ከደብረ ታቦር ተሳፈረች፤ እስክንደርስ ድረስ ከባለቤቴ ጋር ስታወራ ሄደች። በዚህ ከተማ አንድ ዓመት ስትኖር ከሥራ ውጭ እንዲህ የምታወራው ሰው እንዳላገኘች ስትነግራት ባለቤቴ እጇን ያዘቻት። በየእሑዱ ቤት መጥተሽ ምሳ ካልበላሽ እቀየምሻለሁ አለቻት።

ወንዛዬ ስንደርስ አንድ ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽር ያደረገ ሰው ቆሞ ይጠብቀናል። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና ትከሻዬን ሳመኝ። ባለቤቴ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ «ያ ቤቴን በጩኸት የሞላው የታለ?» ስትል፣ ሰውዬው እንደ ተማሪ እጁን ወደ ላይ አወጣ። እሷ እስክታቅፈው ድረስ አላወረደውም።

ከውሃው ወጥተን ጥላ ሥር የቋጠርነውን ምሳ በላን። ስልኮቻችንን ብናወጣም ኔትወርክ የለም። ሰፊው ቀስ በቀስ አፉ ተፈታና አንዲት ሙሽራ የራሷን ቀሚስ ትታ የሌላ ሙሽራ ቀሚስ ለብሳ ስለሄደችበት ቀን ይነግረን ጀመር። ቀያሿ ከሳቋ የተነሳ መናገር አቃታት። ወደ ሐሙሲት የሚመልሰን መኪና ሊሄድ ነው ብለው ሲጠሩን ባለቤቴ እጇን አንስታ፣ ይቺን ሳይጨርስማ አንሄድም አለች።