ለንጉሥ እናት የተሠራ ጭስ ማውጫ

እሑድ፣ ሳይነጋ

ሱዎን ከምትባለው ከተማ የወጣሁት መንገዱ ገና ጭር እንዳለ ነው። ሰበታ የሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን አዲስ ቦይለር ስለገዛ፣ ከቴክኒክ ክፍል የተመረጥን ጥቂት ሰዎች ለስልጠና ኮሪያ ከመጣን ሰንብተናል። እስከ ዛሬ ከቧንቧና ከእንፋሎት በቀር ያየነው ነገር የለም። ከነገ ወዲያ ስለምንመለስ የቀረችን የእረፍት ቀን ይህቺ ብቻ ናት። ጓደኞቼ ከየቤታቸው የስልክና የጫማ ትእዛዝ ስለተቀበሉ ወደ ገበያ ሄዱ። እኔ ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ብዬ ብቻዬን ወደ ሴኡል፣ የድሮ ነገሥታት ወደሚኖሩበት ግዮንግቦክ ቤተ መንግሥት ጉዞ ጀመርኩ።

ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩ ከሥር ይሞቃል። ከፊቴ የተደረደሩት ሰዎች ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ የሚያወራ የለም። ሱሉልታ ሚኒባስ ውስጥ ቢሆን እስካሁን የሁለት ሰው የቤተሰብ ታሪክ ሰምቼ ነበር። ዝምታው ግን ለእኔ አልተስማማኝም፤ ሐሳቤን ወደ ቤት ወሰደብኝ።

ነገ ሰኞ ሱሉልታ ውስጥ የተወለድኩበት ቤት ይፈርሳል። አባታችን በእንጨትና በጭቃ የሠራው፣ ቆርቆሮው የዛገ ቤት ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ለሚ በቦታው የብሎኬት ቤት ልንሠራ ተስማምተናል፤ ሳሎኑ ሴራሚክ፣ ኪችኑ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው። እማዬን ለጊዜው ግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ክፍል አስገባናት። እሷም አልተከራከረችም። “እንዳላችሁ” ብላ ገባች። እማዬ “እንዳላችሁ” ካለች ደግሞ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስደውል አጫጭር መልስ ትሰጠኛለች፤ ለሚም ምግብ እየተወች ነው ይለኛል። ቤቱን አታፍርሱብኝ ማለቷ ነው ብዬ ገምቻለሁ፤ ነገር ግን ቆርጠን ጨርሰናል።

ረፋድ፣ በሩ ላይ

ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥቼ ቀና ስል ተራራ አየሁ። ግራጫ አለታም ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተነባበረበት ትልቅ በር። ከበሩ ግራና ቀኝ አንበሳ የሚመስሉ የድንጋይ አውሬዎች ተቀምጠዋል። ቤተ መንግሥቱን ከእሳት ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል። ቀይና ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ፣ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሰኩ ዘበኞች ከበሮ እየተመታላቸው ተራ ይቀያየራሉ። ከመሃላቸው አንዱ ሰው ሠራሽ ጢሙ በንፋስ ሲነሳበት ፈገግ እንኳን አላለም። እንዲህ ያለ ዘበኛ ለፋብሪካችን በር በተመኘሁ።

አሰልጣኛችን የባህል ልብስ የለበሰ ሰው በነፃ ይገባል ብሎን ነበር። እኔም ለብርዱ ብላ እማዬ የሰጠችኝን ጋቢ ደርቤ መጥቻለሁ። የባህል ልብስ ከተባለ ጋቢ ምን ጎደለው? ደረቴን ነፍቼ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ፊት ቆምኩና ጥለቱን ገልጬ አሳየኋት። አየችው፤ ጎረቤቷን ጠራች፤ እሷም አየችው። ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። ለካ በነፃ የሚያስገባው የእነሱ የባህል ልብስ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ሱቆች ሁሉ እሱን ያከራያሉ። ሦስት ሺህ ዎን ከፍዬ ገባሁ። እዚህ አገር በዚያ ገንዘብ አንድ ስኒ ቡና እንኳን ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ አልቆጨኝም።

ግቢው ውስጥ ግን ጋቢዬ ሥራውን ሠራ። ሰፊ የሐር ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች አብረኸን ፎቶ ተነሣ እያሉ በምልክት ይለምኑኛል። እንደ ሙሽራ ሚዜ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ስዞር ቆየሁ።

የዙፋኑ አዳራሽ ከሰፊ አደባባይ መሃል፣ በሁለት እርከን ድንጋይ ላይ ቆሟል። የአደባባዩ ንጣፍ ሆን ተብሎ ሻካራ እንዲሆን የተተወ ድንጋይ ነው። በሁለት ረድፍ የቆሙት አጫጭር ድንጋዮች ሹማምንቱ እንደየማዕረጋቸው የሚቆሙበትን ያሳያሉ። ባለሥልጣን ለመምሰል ከፊተኛው ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ፤ ንፋሱ ሲያንዘፈዝፈኝ ሹመቱን ለቀቅሁ። የጣሪያው ሥር በአረንጓዴና በቀይ ቀለም አሸብርቋል፤ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየሁት። ሁሉም እንጨት ነው። ይህ ቤተ መንግሥት በጦርነት ተቃጥሏል፤ ከዘመናት በኋላ ተሠርቷል፤ ቅኝ ገዢዎች ደግሞ አብዛኛውን አፍርሰውታል፤ ዛሬም ቁራጭ በቁራጭ እየመለሱት ነው። የእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት አስቀናኝ።

ቀትር

የነቢያት ጾም ስለገባ ከግቢው ወጣ ብዬ ሩዝ በአትክልት አዘዝኩ። ሥጋና እንቁላል እንዳይጨምሩበት በእጅ፣ በጭንቅላትና በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እንቁላሉን ተወችልኝ፤ በምትኩ ሰባት ዓይነት ጎመን በትናንሽ ሳህን ደረደረችልኝ፤ ስጨርስም ሳልጠይቃት ደገመችልኝ። ቃሪያውን በሚጥሚጣ ሒሳብ ስለገመትኩት ቀለል ብሎኝ በላሁ። ደግ ሰዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ የንጉሡ እናት ቤት

ተመልሼ ስገባ የሰው ብዛት ወደሌለበት ወደ ምሥራቁ በኩል አቀናሁ። በብርቱካንማ ጡብ የተገነባ፣ በአበባ ቅርጽ ያጌጠ አጥር አገኘሁ። የንጉሡ እናት ትኖርበት የነበረ ቤት መሆኑን ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ከዙፋኑ አዳራሽ ጋር ሲያዩት ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ልቤን የወሰደው ግን እሱ ነው።

እኔ የቦይለር ሰው ነኝና ዓይኔ ቶሎ ወደ ወለሉ ሄደ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ እሳት የሚነድበት አፍ አለው። እሳቱ ከውጭ ይነድዳል፣ ጭሱ ከወለሉ ሥር ባለ የድንጋይ መስመር ሲያልፍ ክፍሉን ያሞቃል፣ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ይወጣል። እንደኛ መደብ አስቡት፤ ሰው ከላይ ይተኛል፣ ሙቀቱ ከሥሩ ይሄዳል። ተንበርክኬ ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። መስመሩ የሚሄድበት መንገድ፣ ጭሱ የሚታጠፍበት ሁሉ ገባኝ፤ የሠራውን ሰው ባገኘው እጁን በጨበጥኩት።

ወደ ቤቱ ጀርባ ስዞር ደግሞ ጭስ ማውጫውን አገኘሁ። ጭስ ማውጫ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ሰፊ ግድግዳ ነው። ፊቱ ላይ ፀሐይ፣ ጥድ፣ አጋዘን፣ ኤሊና ረጅም አንገት ያላቸው ወፎች ተቀርጸዋል። ሁሉም የረጅም ዕድሜ ምልክቶች ናቸው። ከየክፍሉ የሚመጣው ጭስ ሁሉ በዚህ ግድግዳ ውስጥ አልፎ አናቱ ላይ በተደረደሩ ትናንሽ የሸክላ ቤቶች ይወጣ ነበር። የንጉሡን እናት ለማሞቅ ያነደዱት እሳት ጭሱ እንኳን ዕድሜ ይስጥሽ እንዲላት አድርገው ሠሩት።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ፀጉራቸው የነጣ ወይዘሮ አጠገቤ መጡና የጋቢዬን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። ስልካቸው ላይ ቋንቋዬን አስመረጡኝና ተናገሩ፤ ስልኩ ወደ አማርኛ ገልብጦ ጻፈልኝ። ማን እንደሠራው ነው የጠየቁት። ድሩን እናቴ ፈተለችው፣ ሸማኔ ሸመነው አልኳቸው። አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁና በእጃቸው ጨርቁን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ቤቱ ወለል እያሳዩ እንደገና ተናገሩ። ስልኩ ላይ የወጣው ይህ ነው፦

“እናትህ የምትተኛበት ሞቃት ነው?”

የኅዳር ብርድ ሱሉልታ ላይ ሣሩን በውርጭ ያነጣዋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ምድጃዋ አጠገብ መደብ ላይ ተኝታለች፤ አሁን ሰርቪስ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አልጋ ዘርግተንላታል። በአዲሱ ቤት ፕላን ላይም ሴራሚኩን፣ መስኮቱን፣ የቴሌቪዥኑን ቦታ ሳይቀር አስቀምጠናል፤ እሳት የሚነድበት ቦታ ግን የለም። ሙያዬ ሙቀት ሆኖ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ወይዘሮዋ መልሴን ሳይጠብቁ ክንዴን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ለሚ ጋ ደወልኩ። እነሱ ጋ ጠዋት ነው፤ ከቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነበር። ነገ ቤቱን እንዳታፈርሱ አልኩት። አናጢው ተቀጥሯል፣ ቆርቆሮ ነቃዮቹ በማለዳ ይመጣሉ፣ አንተ ቤተ መንግሥት እየጎበኘህ እኛን ሥራ ልታስፈታ ነው ወይ ብሎ አኮረፈ። እማዬን አገናኘኝ አልኩት።

“አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?” አለችኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለቷ ነው።

“ደህና ነኝ። እማዬ፣ በአዲሱ ቤት የት መተኛት ነው የምትፈልጊው?”



“እኔን ነው የምትጠይቀኝ?” አለች።

አንቺን አልኳት። ስትመጣ እንነጋገራለን አለችና ስልኩን ለለሚ መለሰችለት። ከኋላ ሆና ለአናጢው ደውልለት፣ ይቆይ ስትለው ሰማኋት።

ረቡዕ፣ ሱሉልታ

ከቦሌ ወጥቼ አዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ። እንጦጦን ዞረን ቁልቁል ስንወርድ ሯጮቹ በአስፋልቱ ዳር ትንፋሻቸው እየጨሰ ይወጣሉ። ቤቱን ለማትረፍ ቆርጬ ነው የመጣሁት፤ መንገዱን በሙሉ ለለሚ የማቀርበውን ክርክር ሳዘጋጅ ነበር። ጭቃውን እንለስነዋለን፣ ማገሩን እንቀይረዋለን፣ አዲሱን ቤት ከጎኑ እንሠራዋለን።

ግቢው ስገባ እማዬን ያገኘኋት ቆማ፣ በእንጨት መሬት ላይ መስመር ስታሰምር ነው። አናጢው ኦቦ ቱፋ አገጫቸውን ይዘው ከኋላዋ ይከተላሉ። ለሚ ሰላም እንኳን ሳይለኝ፣ ከእሑድ ጀምሮ ፕላኑን ሦስቴ እንደቀየረችው ነገረኝ።

አቅፌ ከሳምኳት በኋላ፣ ቤቱን እንደማናፈርሰው ነገርኳት።

እማዬ ገርሟት አየችኝ። “ለምን? ይፍረስ እንጂ” አለች። “መቼ አታፍርሱ አልኳችሁ? ምድጃዬ እዚህ፣ መኝታዬ እዚህ ጎኑ፣ በሩ ደግሞ ወደ ፀሐይ ይሁንልኝ። ይኸኛው ቤት በሩ ወደ ንፋስ ነው፤ አርባ ዓመት እየበረደኝ ኖርኩ።”

“ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?”

እንጨቷን እንደያዘች ወደ አሮጌው ቤት ዞር ብላ አየችው።

“አባታችሁም ሲሠራው አልጠየቀኝም” አለችኝ።