የጎልፍ ዱላና የቀኝ ትከሻዬ

ባሕር ዳር ላይ፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ ጎልፍ ተማርሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። አልፈርድበትም። በከተማው የጎልፍ ሜዳ አልነበረም፤ እኔም የፋብሪካ ሸማኔ እንጂ ስፖርተኛ አልነበርሁም።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። አራት ማሽን እጠብቃለሁ። ድር ሲበጠስ እቋጥራለሁ፣ ማግ ሲያልቅ እተካለሁ፣ የቆመውን ማሽን እጀታውን ስቤ አስነሣለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው በቀኝ እጄ ነው። መጀመሪያ ትከሻዬን ይከብደኝ ጀመር፤ ቀጥሎ ጠጉሬን መሥራት አቃተኝ፤ በኋላ በቀኝ ጎኔ መተኛት ተውሁ። ክሊኒክ ብሄድ ቅባት ሰጡኝና «እጅሽን አሳርፊው» አሉኝ። ማን ሊያሳርፈኝ? ከፈረቃ ስወጣ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉ ስመለስ ስብሰባ አለ፤ ከስብሰባው ስወጣ ፈረቃዬ ደርሷል። የዚያን ጊዜ ድካም በእንቅልፍ የሚለቅ ድካም አልነበረም።

ከሌሊት ፈረቃ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስንለቀቅ የሐይቁን ዳር ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። መንገዴ ላይ የፋብሪካችን የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ከፊቱ ያለው ሣር እስከ ውኃው ይወርዳል። አንድ ጧት የማረፊያው ዘበኛ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያለው ቀጭን ዱላ ይዘው ሣሩ ላይ እምቧይ ደርድረው አየኋቸው። ዱላውን እስከ ወገባቸው ያነሡና ይመልሱታል። ከዚያ በላይ አይወጣላቸውም። ቆሜ ሳያቸው አፈሩ።

«የገና ዱላ ነው እንዴ አባባ?» አልኋቸው።

«አይ ልጄ፤ የጎልፍ ነው።»

ታሪካቸውን የነገሩኝ በኋላ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ ለሚጫወቱ የውጭ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ የዱላ ቦርሳ ተሸክመዋል። ወገባቸውን የጎዳቸው እሱ ነው። ሰዎቹ አገር ለቀው ሲወጡ አንደኛው ይህን ዱላ ሰጥቷቸው ሄደ። እሳቸውም ባሏ እዚህ የተቀጠረ ልጃቸውን ተከትለው መጡ።

«እስቲ ልሞክረው» አልሁ ያን ለት። እንቅልፍ እያንገዳገደኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ዱላውን ተቀብዬ ልክ እንደ ገና ጨዋታ ሽቅብ አነሣሁና ስሰነዝር ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር የተቀደደ መሰለኝ። ዱላውን ጥዬ መሬት ተቀመጥሁ። እምቧይዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሽማግሌው አልሳቁም። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«እጅሽ ብቻውን ሄደ» አሉኝ። «ደረትሽ እዚህ ቀረ፣ እጅሽ ወደዚያ ወጣ። ብቻውን የሚሄድ እጅ ይታመማል። ማሽኑንም እንዲህ ነው የምትስቢው?»

ማሽኑን እንዴት እንደምስብ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ዱላውን አልሰጡኝም። ነጠላዬን አጥፌ በደረቴ ላይ አሳልፌ፣ በሁለት ብብቴ ቆንጥጬ እንድይዘው አዘዙኝ። «አሁን እጆችሽን አጋጥመሽ ወደ ቀኝ ዙሪ። ነጠላው ከወደቀ እጅሽ ከገላሽ ተለይቷል ማለት ነው» አሉ። ወደቀ። አነሣሁት፤ ደግሞ ወደቀ። እንዲህ ስንል ሁለት ሳምንት ሄደ።

«ደረትሽ ይዙር፤ እጅሽን ደረትሽ ይውሰደው። ግራ ትከሻሽ አገጭሽ ሥር እስኪደርስ ብቻ። ደረትሽ ሲቆም እጅሽም ይቁም፤ ትርፍ መንገድ አይሂድ።»

አንድ ጧት እንጨት የጫነ ታንኳ በፊታችን ሲያልፍ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያን ሰውዬ እዪው። በእጁ ብቻ ቢቀዝፍ እዚህ ይደርስ ነበር?» እውነትም ቀዛፊው ከወገቡ ነበር የሚዞረው፤ እጆቹ ይከተላሉ እንጂ የሚሠሩ አይመስሉም።

ቆሜ የማንቀላፋባቸው ቀናት ነበሩ። «ዛሬስ ደክሞኛል አባባ» ስላቸው፣ «ደክሞሽማ ነው በደንብ የምትዞሪው። ያልደከመው በጉልበቱ ይመታል» ይሉኛል።

ሳላስበው ማሽን ላይም እንዲሁ ማድረግ ጀመርሁ። እጀታውን ከመሳቤ በፊት እግሬን አስተካክላለሁ፣ ክንዴን ወደ ጎኔ አስጠጋለሁ፣ ከወገቤ እዞራለሁ። በሁለተኛው ወር ጠጉሬን ራሴ ሠራሁ። ሹሩባ አይደለም፣ እንዲያው አንድ ጉንጉን ነው። ግን አለቀስሁ።

ከዚያ አንድ ቀን በውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ተነሺ ተባልሁ። ካድሬው ወጣት ነበር፤ እሱም ዐይኑ ቀልቶ ነበር፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል።

«ጓዲት፣ ከዘበኛው ጋር የቡርዧ ጨዋታ ትጫወቻለሽ የሚባለው እውነት ነው?»

«ትከሻዬን አሞኝ ነው።»

«ለትከሻ ክሊኒክ አለ።»

«ክሊኒኩ ቅባት ሰጠኝ። እሳቸው መዞር አስተማሩኝ።»

«እስቲ አሳዪን» አለ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነጠላዬን በብብቴ ይዤ ዞርሁ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከኋላ አንዲት የክር ጥቅለላ ክፍል ሴትዮ፣ «እኔንም ያመኛል፤ ደግማ ታሳየን» አለች። ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ። በመጨረሻ እኔ ግለ ሂስ አድርጌ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ወደ ጥጥ መጋዘን በር እንዲዛወሩ፣ ዱላውንም ሰኞ ለአስተዳደር እንዲያስረክቡ ተወሰነ።

እሑድ ጧት ሄጄ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። «በእኔ የተነሣ ነው» አልኋቸው።

«ተዪው ልጄ፤ መጋዘኑ ጥላ አለው» አሉና ወደ ዘበኛ ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ነበር። ፈቱት፤ ብጫ የመታት አንዲት እውነተኛ የጎልፍ ኳስ ነበረች።

«ይህችን ምቻት።»

«እርስዎ ይምቷት እንጂ! የእርስዎ አይደለች?»

«በዚህ ወገቤ?» አሉ። «እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ። አስተማሪው ለሰዎቹ ሲነግር ቦርሳ ተሸክሜ ቆሜ እሰማ ነበር። መምታት አይፈቀድልኝም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት በገላዬ አላውቀውም።»

እግሬን አስተካከልሁ። ደረቴ ዞረ፤ እጄ ተከተለው፤ ደረቴ ሲቆም እጄም ቆመ። በደረቴ መልሼ ዞሬ መታኋት። እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ኳሷ ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል በላይ ወጥታ ከታንኳዎቹ መንገድ ወዲያ ውኃው ላይ ወደቀች።

ሽማግሌው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው የወደቀችበትን አዩ።

«ለካ እውነታቸውን ነው» አሉ።

ዱላውን ሰኞ አስረከቡ። የት እንደደረሰ አላውቅም። የጥቅለላዋ ሴትዮ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ቤቴ መጣች፤ እንቅልፌን ልተኛ ነበር፣ ግን አልጋዬን ወደ ግድግዳ ገፍተን ቦታ አበጀንና ያወቅሁትን አሳየኋቸው። ሽማግሌው ግን መጋዘኑ በር ላይ ብዙም አልቆዩም። ወገባቸው ሲብስባቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ እንዲሄዱ ፈቃድ ተሰጣቸው። መኪና ላይ ደግፌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።

«እንዴት ነው ውኃው?» አልኋቸው።

«ውኃውስ ጥሩ ነው። መንገዱ መልሶ ሰበረኝ።»

በዚያው ዓመት የልጃቸው ባል ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ይዘዋቸው ሄዱ። አልተሰናበትንም፤ የሄዱ ለት የቀን ፈረቃ ነበርሁ። ስመለስ ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ በቀኝ ጎኔ ጋደም አልሁ። ለነገው ፈረቃ መነሣት ነበረብኝ።